በታይላንድ አገር በወንዝ ዳር የሚገኝ ምግብ ቤት እንዴት ይመረጣል?

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር በሄደ ጊዜ በየቀኑ የማይቀርለት ጥያቄ «ዛሬ የት እንብላ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ቋንቋውን በማያውቁበት፥ ገንዘቡን ገና ባልለመዱበት፥ ምግቡም በምን እንደ ተሠራ ለይተው በማይረዱበት አገር ሲሆን፥ ይልቁንም ከተመጋቢዎቹ አንዱ ሕሙም ሌላው ጾመኛ በሚሆንበት ጊዜ፥ እንደ ሒሳብ ፈተና ብዙ ማሰብን ይጠይቃል። እኔም በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከአባቴና ከእናቴ ጋር የታይላንድ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ባንኮክ ሄጄ ስለ ነበር፥ በዚያ ያየሁትንና የተማርኩትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ባስረዳ ይጠቅማል ብዬ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ወደዚያ የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። ከአገራችን ብዙ ሰዎች ለሕክምና ወደ ባንኮክ እንደሚሄዱ የታወቀ ነው፤ አየር መንገዳችንም ከአዲስ አበባ ወደዚያ ይበራል። አባቴ የልብ ሕመም ስላደረባቸው በዚያ ከተማ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው ተወሰነ። ሐኪሞቹም ምርመራቸውን ከጨረሱ በኋላ ቀዶ ጥገናው ሐሙስ እንዲሆን ቀጠሩና፥ ሰኞ ማታ ወጥተው ቢመገቡ እንደማይከለክሏቸው ነገሩን። አባቴ ያደጉት በባሕር ዳር፥ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ ነው። ስለዚህ «ከሐሙስ በፊት አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር ተቀምጬ ብበላ ደስ ይለኛል» አሉ። ስለ ሐሙስ ማንኛችንም ብዙ አልተናገርንም፤ ነገር ግን ይህ እራት እንደ ሌላው ቀን እራት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እንግሊዝኛ አነባለሁና ምግብ ቤቱን የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ በደብተሬ ላይ አራት ነገሮችን ጻፍኩ። አንደኛ፥ አባቴ ጨው እንዲቀንሱ ታዘዋል። ሁለተኛ፥ ደረጃ መውጣትና ብዙ መራመድ አይችሉም። ሦስተኛ፥ ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበረ እናቴ ሥጋ፥ ወተትና እንቁላል ቀርቶ ዓሣም አይበሉም፤ አባቴ ግን ስለ ሕመማቸው የንስሓ አባታቸው ፈቅደውላቸዋል። አራተኛ፥ ለእራቱ የመደብነው ገንዘብ 1,500 ባት ብቻ ነው። ባት የታይላንድ ገንዘብ ስም ነው። ምርጫ የሚጀምረው ምግብ ቤቶቹን ከመመልከት ሳይሆን የራስን ችግርና አቅም ከማወቅ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

አሁን ስለ ወንዙ ጥቂት ልናገር። ባንኮክን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ ቻው ፕራያ ይባላል። ፒንግና ናን የሚባሉት ወንዞች ናኮን ሳዋን በምትባለው ከተማ ሲገናኙ ይጀምርና 372 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ባንኮክን በዚህ ወንዝ ዳር ዋና ከተማ አድርገው የቆረቆሯት ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ናቸው፤ ዘመኑም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር 1782 ነበር። የታይላንድ ሰዎች ወንዝን በቋንቋቸው «ሜ ናም» ይሉታል፤ «ሜ» ማለት እናት፥ «ናም» ማለት ውኃ ነው። የቀድሞ ቤቶቻቸው፥ ገበያዎቻቸውና ቤተ መቅደሶቻቸው ፊታቸውን ወደ ወንዝ ያደረጉ ነበሩ። እንግዲህ በወንዝ ዳር መብላት ለእንግዳ ተብሎ የተፈለሰፈ ነገር ሳይሆን ከአገሩ አኗኗር የመጣ ልማድ ነው።

በወንዙ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች በጠቅላላው በአምስት ዓይነት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ የትላልቅ ሆቴሎች ሰገነቶች ናቸው። ወንበራቸው ምቹ፥ አሳላፊዎቻቸው ትሑታን፥ እንግሊዝኛም የሚያውቁ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛዎቹ በአሮጌው ከተማ፥ በታላቁ ቤተ መንግሥት አካባቢ፥ በጠባብ ቤቶች ፎቅ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ የሚያሳዩት ነገር እጅግ ያማረ ሲሆን ደረጃቸው ግን ቀጥ ያለና ጠባብ ነው። ሦስተኛዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ተሠርተው የአገሩ ሰዎች ከነልጆቻቸው የሚበሉባቸው ናቸው፤ የምግቡ ዓይነት ብዙ፥ ዋጋውም መካከለኛ ነው። አራተኛዎቹ በወንዙ ላይ እየተንሳፈፉ እራት የሚያበሉ መርከቦች ናቸው። አምስተኛዎቹ በወንዙ ዳር በተሠሩ ትላልቅ የገበያ ሕንፃዎች ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ ለምሳሌ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የተከፈተው አይኮንሳያም የሚባለው ሕንፃ አሳንሰርና ቀዝቃዛ አየር ስላለው ለሽማግሌና ለሕሙም ይመቻል፤ ነገር ግን ብዙው ወንበር ከመስተዋት በስተጀርባ ስለ ሆነ የወንዙ ነፋስ አይደርስም።

መርከቡን ብዙ ሰው ያመሰግነዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ከተማውን ሁሉ ማየት ይቻላልና። እኔ ግን ከዝርዝሬ ያወጣሁት በሦስት ምክንያት ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ ይከፈላል፤ ምግቡ ተሠርቶ የተደረደረ ስለ ሆነ «ጨው አታድርጉበት» ማለት አይቻልም፤ ከሁሉም ይልቅ ሕመምተኛ ሰው ድንገት ቢደክመው መርከቡ ተመልሶ እስኪደርስ ድረስ መውረጃ የለም። ለጤነኞች መልካም የሆነ ነገር ለሕሙም መልካም ላይሆን ይችላል።

ከባንኮክ ወጣ ለሚል ሰው ሌሎችም ወንዞች አሉ። አዩታያ ከ400 ዓመት በላይ ዋና ከተማ ሆና ቆይታ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1767 በበርማ ሠራዊት የጠፋች ናት፤ ዛሬ ፍርስራሿ ይጎበኛል፤ በሦስት ወንዞች የተከበበች በመሆኗም በወንዝ ዳር ምግብ ቤቶቿ በፍም ላይ የሚጠበሰው ትልቁ የወንዝ ሽሪምፕ ዝነኛ ነው። በካንቻናቡሪ ደግሞ በኳይ ወንዝ ላይ ከታወቀው የባቡር ድልድይ አጠገብ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ምግብ ቤቶች አሉ። ያን የባቡር ሐዲድ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1942 እስከ 1943 የጃፓን ጦር በምርኮኞችና በእስያ የጉልበት ሠራተኞች አሠራው፤ ከምርኮኞቹ ብቻ ከ12,000 በላይ ሞቱ፤ ከእስያ ሠራተኞች የሞቱት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። በዚያ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያየው ነገር ምን እንደ ሆነ ቢያውቅ መልካም ነው።

ወደ ባንኮክ ልመለስ። ከዓይነቱ ቀጥሎ የሚታሰበው ምግብ ቤቱ በየትኛው ዳር እንደ ሆነ ነው። በምዕራቡ ዳር ዋት አሩን የሚባል ከፍ ያለ ቤተ መቅደስ አለ፤ ግንቡ በቻይና ሸክላ ስብርባሪ ያጌጠ ነው። የስሙ ትርጓሜ «የንጋት መቅደስ» ሲሆን ሰው ግን ይበልጥ የሚወደው የምሽቱን መልክ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በምሥራቁ ዳር የተቀመጠ ሰው ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት ፀሐይ ከግንቡ በስተጀርባ ስትጠልቅ ያያል፤ ከጨለመም በኋላ ግንቡ በመብራት ይደምቃል። በክረምታችን ወራት ፀሐይ በባንኮክ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለ ሆነ፥ ይህን ለማየት የሚፈልግ ሰው 12 ሰዓት ላይ በስፍራው መቀመጥ አለበት። በመቅደሱ ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች በዚያ ሰዓት ስለሚሞሉ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ነገር መንገዱ ነው። በወንዙ ላይ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባዎች አሉ፤ የሚቆሙበት ስፍራ በባንዲራቸው ቀለም ይታወቃል። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ መንገድም አይዘጋባቸውም። ሳፓን ታክሲን ከሚባለው የባቡር ጣቢያ የወረደ ሰው ከሥሩ ዋናውን የጀልባ ማቆሚያ ያገኛል፤ ብዙ ሆቴሎችም ከዚያ የራሳቸውን ጀልባ ያመላልሳሉ። ሆኖም ማቆሚያው በውኃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ከማዕበሉ ጋር ይወዛወዛል፤ ጀልባውም የሚቆመው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ዘለል ብሎ መግባት ያስፈልጋል። ይህም ለአባቴ የሚሆን አልነበረም። በጀልባ የሚሄድ ሁሉ የመጨረሻው ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ከመቀመጡ በፊት ይጠይቅ፤ የሕዝቡ ጀልባ እንደ ሆቴሉ ጀልባ እስከ እኩለ ሌሊት አይቆይምና። በመኪና የሚሄድም ሰው የምግብ ቤቱን ስም በታይላንድ ፊደል አስጽፎ ይያዝ። አንዳንድ ነጂዎች ኮሚሽን ወደሚከፍላቸው ቤት ሊወስዱት ይወዳሉና፥ በጽሑፍ የታየ ስም ክርክር ያስቀራል።

አራተኛው ዝናቡና ውኃው ነው። በታይላንድ የዝናቡ ወራት በኤውሮፓ አቆጣጠር ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ወይም በምሽት ድንገት ይወርዳል፤ ስለዚህ ጣሪያ የሌለው ሰገነት በዚያ ወቅት አይመረጥም። ወንዙ ይበልጥ የሚሞላው በዝናቡ ወራት መጨረሻ ነው፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የደረሰው የጎርፍ አደጋ ከ800 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ባሕሩም ቅርብ ስለ ሆነ የወንዙ ውኃ በየቀኑ ከባሕሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከዳሩ በጣም ዝቅ ብሎ በተሠራ ርብራብ ላይ የሚቀመጥ ሰው ትልቅ ጀልባ ባለፈ ቁጥር እግሩ ሊርስ ይችላል። በኅዳር ወር ገደማ ደግሞ ሎይ ክራቶንግ የሚባለው በዓል በሙሉ ጨረቃ ይከበራል፤ ሕዝቡ ሻማ ያለበትን የቅጠል ጀልባ በውኃው ላይ ይለቃል፤ በዚያች ሌሊት ሳያስይዝ የሄደ ሰው ስፍራ አያገኝም።

በውኃው ላይ አረንጓዴ ተክል እየተንሳፈፈ ሲያልፍ ባየሁ ጊዜ ለአባቴ አሳየኋቸው። እርሳቸውም ወዲያው «ይህማ እምቦጭ ነው!» አሉ። እውነትም በጣና ሐይቅ ላይ የተነሣው እምቦጭ ራሱ ነበር። ወደ ታይላንድ የገባው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ከጃቫ ደሴት ነው፤ ያመጡትም ለአበባው ውበት ሲሉ ነው። ዛሬ የአገሩ ሰዎች ከወንዙ እያወጡ ግንዱን አድርቀው ቅርጫትና ወንበር ይሠሩበታል። ይህን ነገር ስለ ጣና የሚያስቡ ሁሉ ልብ እንዲሉት እወዳለሁ።

አምስተኛውና ዋነኛው ምግቡ ነው። በታይላንድ ወጥ ቤት ጨው በአብዛኛው የሚገባው በነጭ ጨውነቱ ሳይሆን «ናም ፕላ» በሚባል ከዓሣ በሚወጣ ፈሳሽ ነው። ዓሣው በጨው ተዘፍዝፎ ብዙ ወራት ይቆይና ፈሳሹ ይጠለላል። ስለዚህ ጨው የተከለከለ ሰው «ጨው አታድርጉ» ቢል ብቻ አይበቃውም። ጾመኛም «አትክልት ብቻ» ቢል አይበቃውም፤ በአትክልቱ ውስጥ ናም ፕላ፥ የተፈጨ ሽሪምፕ ወይም ከባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ የሚሠራ መረቅ ሊኖር ይችላልና። የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ «ማይ ሳይ ናም ፕላ» ማለትም «ናም ፕላ አትጨምሩ» የሚለውን በታይላንድ ፊደል በወረቀት ጻፈልን። ይህች አንዲት ወረቀት ለአባቴም ለእናቴም ጠቀመች።

ለጾመኞች ከዚህ የበለጠ ቃል አለ፤ እርሱም «ጄ» ነው። በዚያ አገር ከቻይና ወገን የመጣ የጾም ሥርዓት አለ፤ በዚህ ሥርዓት ሥጋ፥ ዓሣ፥ እንቁላልና ወተት ፈጽሞ አይገባም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ ይከለከላሉ። ቀይ ፊደል የተጻፈበት ቢጫ ባንዲራ የተሰቀለበት ቤት የጄ ምግብ አለው ማለት ነው። «ማንግሳዊራት» የሚባለው ግን እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ስለሚችል ለእኛ ጾም አይሆንም። ለእስላም ወንድሞቻችንም ደግሞ የሐላል ምልክት ያለባቸው ቤቶች አሉ፤ በወንዙ ዳር በባንግ ራክ ሠፈር ሃሩን የሚባለው መስጊድ ስለሚገኝ በአካባቢው እንዲህ ያለ ምግብ ማግኘት አይቸግርም። ቃሪያቸው ትንሽና እጅግ የሚያቃጥል ነው፤ «ማይ ፔት» ማለት «አይቃጠል» ማለት ነው። በበርበሬ ያደግን ሰዎችም ብንሆን መጀመሪያ ቀመስ አድርገን ብንደፍር ይሻላል።

የአበላላቸው ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሩዙ ለየሰው ይቀርባል፤ ወጡ ግን በገበታው መካከል ተቀምጦ ሁሉም ይካፈለዋል። የሚበሉት በማንኪያ ነው፤ ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ለመግፋት ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ ለሦስት ሰው ሦስት ምግብ አዝዞ መካፈል ከልማዳቸው ጋር ይስማማል፤ ገንዘብም ያተርፋል።

ስድስተኛው ዋጋው ነው። በትላልቅ ቤቶች የምግብ ዝርዝር ላይ ከዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክቶች ይታያሉ። ይህም 10 በመቶ የአገልግሎትና 7 በመቶ የመንግሥት ግብር ይጨመራል ማለት ነው። የ1,000 ባት ምግብ መጀመሪያ 1,100፥ በመጨረሻም 1,177 ባት ይሆናል። ዓሣና ሽሪምፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሚዛን ይሸጣሉ፤ የተጻፈው ዋጋ የ100 ግራም ሊሆን ይችላል። በ100 ግራም 90 ባት የተባለ ዓሣ 900 ግራም ከመዘነ 810 ባት ነው። ስለዚህ ዓሣው ከመጠበሱ በፊት እንዲመዘንና ጠቅላላ ዋጋው እንዲነገር መጠየቅ ነውር አይደለም። አበው «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ።

በዚሁ ላይ ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። የታይላንድ ሰዎች በንግግራቸው የምሽቱን ሰዓት ሲቆጥሩ እኛ 1 ሰዓት የምንለውን እነርሱም «አንድ» ይሉታል፤ እስከ 5 ሰዓት ድረስም አቆጣጠራችን አንድ ነው። በጽሑፍ ግን በ24 ሰዓት ስለሚጠቀሙ ወንበር ሲያስይዙ 18:00 ብሎ መጻፍ ስሕተትን ያስቀራል። ዓመተ ምሕረታቸው ደግሞ ከኤውሮፓው 543 ዓመት ይቀድማል፤ የምግቡ ደረሰኝ 2567 የሚል ዓመት ነበረበት። እኛ ከኤውሮፓውያን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ የምንቆጥር ሰዎች በዚህ ልንደነቅ አይገባንም።

ይህን ሁሉ ከመዘንኩ በኋላ የቀሩት ሁለት ቤቶች ብቻ ነበሩ። ሰኞ ቀን ከእናቴ ጋር ሄደን ሁለቱንም አየናቸው። አንደኛው ያማረ ነበር፤ ነገር ግን 22 ደረጃ ቆጠርኩበት። ሁለተኛው በምሥራቁ ዳር ያለ የእንጨት ቤት ሲሆን መኪና እስከ በሩ ይደርሳል፤ ጣሪያ አለው፤ ደረጃ የለውም፤ መቅደሱ ከሩቅ በጎን ይታያል። እናቴ ዝርዝሩን ትተው ወደ ማድ ቤቱ ብቅ አሉና ዕቃው እንዴት እንደሚታጠብ ተመለከቱ። ከዚያም ወረቀታችንን ለወጥ ሠሪዪቱ አሳየናት፤ እርሷም አንብባ ራሷን ነቀነቀችና ለእናቴ ከአኩሪ አተር የተሠራ ቶፉና አትክልት በጄ ሥርዓት ልትሠራ እንደምትችል በምልክት አስረዳችን። «ይህ ይሁን» አሉ እናቴ።

ለአባቴ ያዘዝንላቸው «ፕላ ኒን» የሚባለውን ዓሣ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሆዱ ውስጥ ጠጅ ሣር ተጨምሮ፥ ቆዳው በጨው ተለብጦ በፍም ይጠበሳል፤ የእኛው ግን ያለ ጨው በሎሚ ብቻ እንዲሆን ለመንን። ይህ ዓሣ ታሪክ አለው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የጃፓን አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ለታይላንድ ንጉሥ ለቡሚቦል በስጦታ የላኩት ነው፤ ንጉሡም በቤተ መንግሥታቸው ኩሬ አራብተው ለሕዝቡ አከፋፈሉት። ዛሬ ድኻው ሁሉ የሚበላው ዓሣ ሆኗል። «ኒን» የተባለውም በናይል ወንዝ ስም ነው፤ ትውልዱ ከናይል ውኃዎች ነውና። በአገራችን ስሙ ቆሮሶ ነው። አባቴ በልጅነታቸው በጣና ዳር ያጠምዱት የነበረው ዓሣ በቻው ፕራያ ዳር በሳህን ላይ ሲቀርብላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት፤ ከዚያ በኋላ አጥንቱን እየለዩ በደንብ በሉ። ዝናቡ መጥቶ ጣሪያውን ሲመታ እኛ አልተነቃነቅንም። ሒሳቡም ከመደብነው ገንዘብ 370 ባት አስተረፈልን። ቀዶ ጥገናው በሐሙስ ተደርጎ በእግዚአብሔር ቸርነት መልካም ሆነ፤ አባቴም ዛሬ በሥራቸው ላይ ናቸው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፥ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምግብ ቤት ዝነኛ ስለ ሆነ ብቻ እንደማይመረጥ ነው። ከመሄዳችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦ አብረውን የሚበሉት እነማን ናቸው? ምን ተከልክለዋል? እንዴት ይደርሳሉ፤ እንዴትስ ይመለሳሉ? ሰማዩ ምን ይመስላል? ገንዘባችን ስንት ነው? ወጥ ሠሪው ቃላችንን ይሰማልን? ይህን ጠይቆ የመረጠ ሰው በቻው ፕራያም ይሁን በዓባይ ዳር በሰላም ይበላል። ከገበታው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ያለ ሥጋት መብላት የቻሉበት ስፍራ፥ ወንበሩ የእንጨት ቢሆንም፥ ከሁሉ የተሻለ ምግብ ቤት ነው።